የጥናት ወረቀት ስትጽፉ ምንጭን በጽሑፉ ውስጥ እንዴት መጥቀስ ይገባል?

ባለፈው ዓመት በጥር ወር አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ በሰሜን ሸዋ ስላለው የሣር ምድር፣ ስለ መንዝ ጓሳ የጻፈውን የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ ይዞ እዚህ ደብረ ብርሃን ካለሁበት መጣ። ከክለሳ ድርሳናቱ ምዕራፍ አንዱ ገጽ ሦስት አንቀጾች ነበሩት፤ የመጀመሪያው ጓሳውን ለዓመታት ዘግቶ ሣሩ ሲደርስ የሚከፍተው የቀሮ ሥርዓት እንዴት ይሠራ እንደነበር፣ ሁለተኛው ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ እንዴት እንደላላ፣ ሦስተኛው ደግሞ ዛሬ በጓሳው ዙሪያ የሚኖሩ ወጣቶች ስለ ሣሩ አጠቃቀም ምን እንደሚሉ ያትታል። በገጹ ላይ የተጠቀሰው ምንጭ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሦስተኛው አንቀጽ ማብቂያ በቅንፍ የተቀመጠ አንድ ስምና አንድ ዓመት። እርሳስ ሰጠሁትና «ከመጽሐፉ የወሰድከውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አስምርበት» አልኩት። ሁለት ዓረፍተ ነገር አሰመረ፤ ቆም ብሎ አንዱን በላጲስ አጠፋ፤ መልሶ አሰመረበት፤ በመጨረሻ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ሦስተኛው አንቀጽ ከማንም መጽሐፍ የመጣ አልነበረም። ልጁ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ ሁለት ሳምንት ሰንብቶ፣ በዚያ ብርድ ከሰው ደጅ ተቀምጦ፣ ራሱ ጠይቆ ያገኘው ነው። ቦታው ክለሳው ውስጥ አለመሆኑ አንድ ነገር ነው፤ የከፋው ግን ቅንፉን ያለ ቦታው በማስቀመጡ የገዛ ድካሙን አሳልፎ ለሌላ ሰው መስጠቱ ነው። ምንጭ መጥቀስ የሌላውን ንብረት ላለመንካት ብቻ የሚደረግ የሚመስላቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው። የእርሻ ወሰን ግን የሚጠብቀው ሁለቱንም ባለማሳዎች እንደሆነ ሁሉ፣ በቦታው የተቀመጠ ቅንፍም የሌላውን ከእናንተ ሲለይ የእናንተንም ከሌላው ይለያል። ከዚህ በታች የምጽፈው ያን ወሰን በትክክል ማስመር ለምትፈልጉ ተማሪዎች ነው።

ምን ይጠቀሳል?

ከሌላ ሰው የተገኘ ሐሳብ፣ ብያኔ፣ ክርክር፣ አኀዝ፣ ሠንጠረዥ፣ ካርታና ፎቶግራፍ ሁሉ ምንጩ ይጠቀሳል። ቃሉን መለወጥ ከዚህ ግዴታ ነፃ አያወጣም፤ ሐሳቡ የሰው እስከሆነ ድረስ በእናንተ ቋንቋ ቢጻፍም የሰው ነው። በሌላ በኩል ማንም የሚያውቀውና ማንም የማይከራከርበት ነገር ዋቢ አይጠራበትም። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ እንደምትገኝ፣ ወይም ከተማዋን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደቆረቆሯት ለመጻፍ ቅንፍ መክፈት አያስፈልግም። ንጉሡ ያን ሥፍራ ለምን እንደመረጡ፣ በሰማይ ታየ ስለሚባለው ብርሃን የተመዘገበው ምን እንደሆነ፣ ወይም አንድ ተመራማሪ ስለዚያ ብርሃን ምን እንደሚገምት ስትጽፉ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ጠንቃቃ አንባቢ «ይህን ከየት አመጣችሁት?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፤ መልሱንም እዚያው ዓረፍተ ነገሩ ላይ ማግኘት አለበት።

በአማርኛ የሚጻፉ ወረቀቶችን ሳነብ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ምንጭ የሚመስሉ ግን ምንጭ ያልሆኑ መነሻዎች መብዛታቸው ነው። «እንደሚታወቀው»፣ «ይባላል»፣ «ምሁራን እንደሚናገሩት»፣ «ጥናቶች እንደሚያመለክቱት» የሚሉት ሁሉ ለአፍ ወግ ይመቻሉ፤ በጥናት ወረቀት ውስጥ ግን ከኋላቸው የሚቆም ሰው የላቸውም። ዋቢ ማለት ለሌላው ቃል የሚቆም፣ የተባለውን የሚያጸና ማለት ነው፤ ዋቢ አለኝ ያለም ማን እንደሆነ መናገር ይጠበቅበታል። «ጥናቶች» ካላችሁ ቢያንስ ሁለቱን በስምና በዓመት ጥቀሱ፤ አንድ ብቻ ካላችሁ «አንድ ጥናት» በሉ፤ አንድም ከሌላችሁ ዓረፍተ ነገሩን አውጡት።

ቅንፉ የት ይቀመጣል?

በማኅበራዊ ሳይንስና በትምህርት ዘርፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራበት የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ሥርዓት፣ በተለምዶ ኤፒኤ የሚባለው፣ የጸሐፊውን ስምና የኅትመቱን ዓመት በጽሑፉ ውስጥ ያስቀምጣል። የታሪክ ትምህርት ክፍሎች የግርጌ ማስታወሻን ይመርጣሉ፤ ምህንድስና ደግሞ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ተራ ቁጥር ይጽፋል። የትኛውን መከተል እንዳለባችሁ የሚወስነው የትምህርት ክፍላችሁ መመሪያ ስለሆነ ገና ከመጀመራችሁ በፊት አማካሪያችሁን ጠይቁ። የማሳየው በስምና ዓመት ሥርዓት ነው፤ ወሰን የማስመሩ ጉዳይ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

ለማሳያ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ራሴ ላዘጋጅና በእገሌ ስም በ2003 ዓ.ም. ታተመ እንበል፦ «በቀሮ ሥርዓት ጓሳው ለዓመታት ከሰውም ከከብትም ተዘግቶ ይቆይና ሣሩ ሲደርስ ይከፈት ነበር።» ይህን ወደ ወረቀታችሁ የምታስገቡበት መንገድ ሁለት ነው። ጸሐፊውን ማስቀደም ስትፈልጉ፦ እገሌ (2003) ጓሳው ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋ እንደነበር ይገልጻሉ። ጉዳዩን ማስቀደም ስትፈልጉ፦ ጓሳው ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋ ነበር (እገሌ፣ 2003)። በሁለተኛው አጻጻፍ ቅንፉ ከአራት ነጥቡ በፊት እንደሚገባ ልብ በሉ። ከአራት ነጥቡ በኋላ የተጻፈ ቅንፍ ከየትኛውም ዓረፍተ ነገር ጋር ሳይያያዝ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ አንባቢውም ያለፈውን ይሁን የሚመጣውን እንደሚያመለክት አያውቅም።

አሁን አንድ ተማሪ ያንኑ ሐሳብ በራሱ ቃል ሊጽፈው ፈለገ እንበል። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንዲህ ያለ ነው፦ በቀሮ ሥርዓት ጓሳው ለበርካታ ዓመታት ከሰዎችም ከእንስሳትም ታጥሮ ይቆይና ሣሩ ሲበቃ ይፈቀድ ነበር (እገሌ፣ 2003)። ምንጩ ተጠቅሷል፤ ሆኖም ይህ በራስ ቃል መጻፍ አይደለም። «ከብት»ን በ«እንስሳት»፣ «መድረስ»ን በ«መብቃት» ተካ እንጂ የዓረፍተ ነገሩ አጥንት የእገሌ ነው። መጽሐፉን ዘግቶ፣ ሐሳቡን በቃሉ ለጓደኛው እንደሚያስረዳ አድርጎ ቢጽፈው ግን እንዲህ ሊመጣ ይችላል፦ ሣሩ እስኪያድግ ድረስ አጨዳም ግጦሽም ለዓመታት ይከለከል ነበር (እገሌ፣ 2003)፤ ይህም ጓሳውን የጠበቀው አጥር ሳይሆን ጊዜ እንደነበር ያሳያል። ቅንፉ በዓረፍተ ነገሩ ወገብ ላይ፣ ከድርብ ሰረዙ በፊት መቀመጡን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ግማሽ የእገሌ ነው፤ «አጥር ሳይሆን ጊዜ» የሚለው ማስተዋል ግን የተማሪው የራሱ ነው። ያቺን ትንሽ ቅንፍ ወደ መጨረሻ ብንወስዳት እገሌ ያላሉትን አሉ እናሰኛለን፤ ተማሪው ያስተዋለውም በእገሌ ሒሳብ ይመዘገባል።

የቋንቋችን ባሕርይ በዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አማርኛ ማሰሪያ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ «እገሌ (2003)» ብሎ የጀመረ ዓረፍተ ነገር ሦስት መስመር ሄዶ «ይገልጻሉ» እስኪል ድረስ አንባቢው በሰው ቃል ውስጥ ነው። ማሰሪያው ከመጣ በኋላ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር የማን ነው? ገና የእገሌ ከሆነ «ጸሐፊው አክለውም» ወይም «በዚሁ ሥራቸው» በማለት አስቀጥሉት፤ የእናንተ ከሆነ «ከዚህ መረዳት የሚቻለው» ወይም «በዚህ ጥናት የተገኘው መረጃ ግን» ብላችሁ ወሰኑን አስምሩ። የቤተ ክርስቲያን መምህራን በአንድምታ ትርጓሜ ከመጽሐፍ የጠቀሱትን ቃል «እንዲል» ብለው ይዘጋሉ፤ ከዚያች ቃል በኋላ የሚመጣው የመተርጉሙ ነው። ጥቅስን የመዝጋት ልማድ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም።

የማሰሪያ ግሱም ምርጫ ቀላል አይደለም። «ገልጸዋል»፣ «ተከራክረዋል»፣ «ገምተዋል»፣ «አረጋግጠዋል» እኩል አይመዝኑም። ጸሐፊው «ሊሆን ይችላል» ያሉትን «አረጋግጠዋል» ብሎ መጻፍ ስማቸውና ዓመታቸው በትክክል ቢጠቀስም ሐሰት ነው።

ቃል በቃል ስትጠቅሱ

ቃል በቃል መጥቀስ የሚገባው አባባሉ ራሱ የሚጠና ሲሆን፣ ወይም ብትለውጡት የሚጎድል ነገር ሲኖር ነው። በዚህ ጊዜ የተወሰደው ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይገባል፤ ከስምና ዓመት በተጨማሪም ገጹ ይጻፋል፦ (እገሌ፣ 2003፣ ገጽ 47)። በኤፒኤ 40 ቃልና ከዚያ በላይ የሆነ ጥቅስ ያለ ትእምርተ ጥቅስ፣ ከግራ ኅዳጉ ገባ ብሎ፣ ለብቻው በሚቆም አንቀጽ ይጻፋል፤ ቅንፉም በዚህኛው ብቻ ከአራት ነጥቡ በኋላ ይሆናል።

ወረቀቱን በአማርኛ እየጻፋችሁ ምንጩ እንግሊዝኛ ከሆነ ራሳችሁ የተረጎማችሁትን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አታስገቡ። ጸሐፊው ያን የአማርኛ ቃል አልተናገሩም፤ የእናንተ ትርጉም በኤፒኤም ዘንድ የሚቆጠረው በራስ ቃል እንደተገለጸ ሐሳብ ነው። ስምና ዓመት ጥቀሱ፤ አንባቢው ቦታውን እንዲያገኘው ገጹን ብትጨምሩበትም መልካም ነው።

የእኛ ስምና የእኛ ዘመን

የውጭ መመሪያዎች ዝም የሚሉት፣ የእኛ ተማሪዎች ደግሞ በየቀኑ የሚደናቀፉበት እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። የውጭው ሥርዓት ግን የመጨረሻውን ስም አስቀድሙ ይላል። ስለዚህ ታሪክ ጸሐፊው ባሕሩ ዘውዴ በአንዱ ወረቀት «ባሕሩ»፣ በሌላው «ዘውዴ» ሆነው ይመጣሉ። ስለ ጓሳ የሚያጠና ተማሪ ችግሩን በቅርብ ያገኘዋል፤ ዘለዓለም ተፈራ አሸናፊ ከናይጅል ሊደር-ዊሊያምስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት በውጭ መጽሔቶች የሚጠቀሰው «አሸናፊ እና ሊደር-ዊሊያምስ» ተብሎ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ «ዘለዓለም» እና «አሸናፊ» እንደ ሁለት የተለያዩ ተመራማሪዎች ተቆጥረው፣ «ሁለቱም ምሁራን በዚህ ይስማማሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢጻፍ የሚያስገርም አይሆንም።

እኔ በበኩሌ በአማርኛ በሚጻፍ ወረቀት የኢትዮጵያውያንን ስም ከነአባት ስም መጻፍን እመርጣለሁ፦ (ባሕሩ ዘውዴ፣ 1991 እ.ኤ.አ.)። የውጭ ሰው ግን በቤተሰብ ስሙ ይጠራል፦ (ሌቪን፣ 1965 እ.ኤ.አ.)። በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ከሆነ የትምህርት ክፍላችሁ የወሰነውን ተከተሉ፤ ዋናው ነገር በቅንፉ ውስጥ የጻፋችሁት ስም በዋቢዎች ዝርዝር ላይም በዚያው ስም ተራውን ይዞ መገኘቱ ነው። እንደ ዞቴሮ ያለ ዋቢዎችን የሚያደራጅ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ የአባትን ስም በራሱ ጊዜ የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ ስሙን በአንድ ሳጥን እንዲይዘው አስተካክሉት። አቶ፣ ወይዘሮ፣ ዶክተርና ፕሮፌሰር የሚሉት ማዕረጎች በጥቅስ ውስጥ አይገቡም፤ ለታላቅ የሚገባውን አክብሮት «ይላሉ»፣ «ጽፈዋል» የሚለው ግስ ይሸከመዋል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ዶናልድ ሌቪን መንዝ ላይ ያደረጉት ጥናት የገባበት መጽሐፋቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ከዚህ ጎን ብትጠቅሱና ሁለቱንም እንዲሁ በቁጥር ብቻ ብትተዉት፣ አንባቢው የአማርኛው በሰባት ዓመት ይቀድማል ብሎ ያስባል። 1958 ዓ.ም. የገባው ግን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1965 ነው። ስለዚህ ዓመቱን መጽሐፉ ላይ እንደታተመ ጻፉት፤ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውንም አትንፈጉት። በግምት ከአንዱ ወደ ሌላው አትለውጡ፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ስለሆነ ወሩን የማያውቅ ሰው በአንድ ዓመት ሊስት ይችላል።

ያላያችሁትን መጽሐፍ ስትጠቅሱ

ስለ ሸዋ ነገሥታት የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከውን የእንግሊዝ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስን ይጠቅሳል። በ1844 በሦስት ቅጽ የታተመውን መጽሐፉን ራሱን የከፈተው ግን ጥቂቱ ነው። ሌላው ሃሪስን ያገኘው በእገሌ መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ከሆነም እንዲህ ይጻፍ፦ (ሃሪስ፣ 1844 እ.ኤ.አ.፣ በእገሌ፣ 2003 ዓ.ም. እንደተጠቀሰው)። በዋቢዎች ዝርዝር የሚገባው እጃችሁ የገባው የእገሌ መጽሐፍ ብቻ ነው። ይህ አሠራር የሚያሳፍር አይደለም፤ ይልቁንም ይጠብቃችኋል፤ እገሌ ሃሪስን አሳስተው ጠቅሰው ከሆነ ስሕተቱ የእናንተ አይሆንም። በቴሌግራም የደረሳችሁ የሽፋን ገጽ የሌለው ፋይልም ቢሆን ምንጩ ቴሌግራም አይደለም፤ ጸሐፊውንና ዓመቱን ፈልጋችሁ እስክታገኙ ድረስ አትጥቀሱት። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ፕሮግራሞች የሚያቀርቡላችሁን ዋቢም ራሳችሁ ከፍታችሁ ሳታዩ ወረቀታችሁ ላይ አታስፍሩ፤ ስምም ዓመትም ገጽም ያለው፣ በዓለም ላይ ግን የሌለ መጽሐፍ ሊጽፉላችሁ ይችላሉ።

ከሰው አፍ የተገኘ መረጃ

በሰሜን ሸዋ የሚሠራ የመስክ ጥናት ብዙው የሚቆመው በሽማግሌዎች ቃል ላይ ነው፤ ይህ ቃል ከመጽሐፍ ያነሰ ጥንቃቄ የሚገባው የሚመስለው ተማሪ አለ። ለጥናታችሁ አቅዳችሁ ያነጋገራችኋቸው ሰዎች የራሳችሁ መረጃ ናቸው፤ በኤፒኤ እንደ መጽሐፍ በስምና ዓመት አይጠቀሱም፤ በዋቢዎች ዝርዝርም አይገቡም። በመለያ ትለዩአቸዋላችሁ፦ (መረጃ ሰጪ 4፣ መሐል ሜዳ፣ ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.)። መለያው ማንን እንደሚወክል የምታውቁት እናንተ ብቻ ስትሆኑ፣ ዝርዝሩም ለብቻው በተቆለፈ ቦታ ይቀመጣል። ከጥናቱ ውጭ አንድ ባለሙያ በስልክ ያስረዳችሁ ነገር ሲሆን ግን ስሙን አስፈቅዳችሁ «የግል ግንኙነት» በሚልና በሙሉ ቀን እዚያው ጽሑፉ ውስጥ ጥቀሱ፤ አንባቢ ሊያገኘው ስለማይችል እሱም ዝርዝር ውስጥ አይገባም። የታሪክ ትምህርት ክፍሎች ደግሞ መረጃ ሰጪዎችን ፈቃዳቸው ተጠይቆ በስም መመዝገብን ሊፈልጉ ስለሚችሉ ይህንንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ግጥምና ፉከራ ስትሰበስቡ «የሕዝብ ግጥም» ብሎ ማለፍ አይበቃም። አንዱን የለቅሶ ግጥም ሁለት አልቃሾች በተለያየ ቤት መምቻ ሊሉት ይችላሉ፤ የትኛውን ከማን፣ የት፣ መቼ እንደሰማችሁ ካልጻፋችሁ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው አጥኚ ልዩነቱን ሊመረምር አይችልም። የብራና መጽሐፍ ሲሆንም በገጽ ምትክ ቅጠሉን፣ ከቅጠሉም የፊቱ ይሁን የጀርባው ጻፉ።

የቀሩት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ጸሐፊዎቹ ሁለት ከሆኑ ሁለቱም ይጠራሉ፤ በኤፒኤ 7ኛ እትም ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከመጀመሪያው ጊዜ ጀምሮ የአንደኛው ስም ብቻ ተጽፎ «እና ሌሎች» ይባላል። አንድ ጸሐፊ በአንድ ዓመት ሁለት ሥራ ካሳተመ 2003ሀ እና 2003ለ ተብለው ይለያሉ። በአንድ ቅንፍ ብዙ ምንጭ ሲገባ በድርብ ሰረዝ ይለያል። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ጸሐፊው ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ያልታተመ መሆኑም በዋቢዎች ዝርዝር ላይ ይገለጻል።

ከማስረከባችሁ በፊት ወረቀቱን አትሙና ሁለት ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎች ያዙ። በአንዱ ከሰው የወሰዳችሁትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ፣ በሌላው የራሳችሁን አስምሩ። የሰው ሆኖ ቅንፍ የሌለው ካገኛችሁ ጨምሩበት፤ የራሳችሁ ሆኖ የሌላ ሰው ቅንፍ የተጫነበት ካገኛችሁ ቅንፉን ወደ ቦታው መልሱት። ከዚያ እያንዳንዱን ቅንፍ ከዋቢዎች ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ፤ በጽሑፉ ኖሮ በዝርዝሩ የሌለ፣ በዝርዝሩ ኖሮ በጽሑፉ ያልተጠቀሰ አይኑር። የጓሳው ተማሪ ይህን ለማድረግ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጅቶበታል፤ ሦስተኛው አንቀጽ ዛሬ ወደ ግኝቶች ምዕራፉ ተዛውሮ፣ ከዘጠኝ መረጃ ሰጪዎች መለያ ጋር ይገኛል።